ማስታወቂያ ከሆነ ማስታወቂያ ነው በሉን

«ማስታወቂያ እንዳይመስል አድርጋችሁ ሥሩት።»

ቪዲዮ ለሚቀርጹ፣ ስክሪፕት ለሚጽፉ፣ የድርጅት ገጽ ለሚያስተዳድሩ ልጆች በዚህ ዘመን ከሚሰጡ ትእዛዞች ሁሉ የተለመደው ይህ ነው። የሪል እስቴቱ የሽያጭ ኃላፊ ይለዋል። የባንኩ የማርኬቲንግ ክፍል ይለዋል። ከዱባይ የፀጉር ቅባት የምታስመጣው ነጋዴም ትለዋለች። «ሰው ማስታወቂያ መሆኑን ካወቀ በጣቱ ገፍቶ ያልፈዋል፤ ስለዚህ ታሪክ አስመስሉት፣ ቃለ መጠይቅ አስመስሉት፣ ድንገት ያገኛችሁት አስመስሉት።» በሙያው ቋንቋ ይህ «ሳቢ ኮንቴንት» ይባላል። እኔ ደግሞ የቆየው የአማርኛ ስሙ ይበቃዋል እላለሁ፦ ማታለል።

ቃሉ የከበዳችሁ ካላችሁ ታገሱኝ፤ አስረዳለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። ማስታወቂያ ጠላቴ አይደለም። ያለ ማስታወቂያ የሚኖር ጋዜጣ የለም፤ ማስታወቂያ አጥተው የተዘጉትን ጋዜጦች የቀበርናቸው እኛው ነን። እኔም በፍሪላንስ የምኖር ሰው ነኝ። የድርጅት ቪዲዮ ስክሪፕት ጽፌ ተከፍሎኝ ያውቃል፤ ነገም ቢመጣ እጽፋለሁ። የድርጅቱ አርማ ተለጥፎበት፣ ድርጅቱ ስለ ራሱ የሚናገረው መሆኑን ተመልካቹ አውቆት እስከሆነ ድረስ የማፍርበት ነገር የለም። የምጣላው ሻጩ ተደብቆ ከሚካሄድ ሽያጭ ጋር ነው።

የኤፍ ኤም ሬዲዮን አስታውሱ። የስፖርት ጋዜጠኛው የአርሰናልን አሰላለፍ እየተነተነ ያቆማል፤ ሙዚቃ ይገባል፤ ቀለም፣ ጎማ፣ ቆርቆሮ፣ ፍራሽ ይዘረዘራል፤ ሙዚቃው ይወጣና ወደ አርሰናል እንመለሳለን። ያሰለቻል? አዎ፣ ያሰለቻል። ግን ማንም አልተታለለም። ያ ሙዚቃ አጥር ነበር። ከአጥሩ ወዲህ ጋዜጠኛው የራሱን ሐሳብ ይናገራል፤ ከአጥሩ ወዲያ የተከፈለበትን ያነብባል። ታክሲ ውስጥ ዘንቢላቸውን አቅፈው የተቀመጡት እናት ልዩነቱን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 ማስታወቂያ ከሌላው ፕሮግራም በግልጽ የሚለይ እንዲሆን ሲያዝ የጠበቀው ይህንኑ አጥር ነበር።

አሁን አጥሩ ፈርሷል። ስልክ አላፈረሰውም፤ ከአጥሩ መፍረስ የሚጠቀሙ ሰዎች ናቸው ያፈረሱት።

አንደኛውን ዓይነት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኮሜዲያኑ በቦሌ መንገድ ሲያልፍ «ድንገት» አንድ ሱቅ ያያል። «እንዴ! ይሄ ደግሞ መቼ ተከፈተ?» ይላል። በሩን ከፍቶ ሲገባ ካሜራው ውስጥ ሆኖ ይጠብቀዋል። (ወንድሜ፣ ድንገት ከገባህ ካሜራማኑ እንዴት ቀደመህ?) ይህኛው እንኳ ቀላሉ ነው፤ ቢበዛ አንድ ጫማ ያስገዛናል።

ሁለተኛው ረዥሙ ቃለ መጠይቅ ነው። ሁለት ሶፋ፣ መሐል ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃ። «ከልጅነትዎ ይነሱልን» ይባላል። ባለሀብቱ ይነሳሉ። ባዶ እግራቸውን ትምህርት ቤት የሄዱበትን፣ እናታቸው እንጀራ ሸጠው ያሳደጓቸውን ይተርካሉ፤ እንባ ይመጣል፤ ካሜራው ወደ ዓይናቸው ይጠጋል። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ እኛም አብረን ካለቀስን በኋላ፣ «ለፕሮግራማችን ተከታታዮች ልዩ ቅናሽ አድርገዋል አሉ?» የሚል ጥያቄ ጣል ይደረጋል። መሬቱ ካርታ አለው ወይ? እስካሁን ስንት ቤት ሠርታችሁ ለስንት ሰው ቁልፍ አስረከባችሁ? ቢዘገይ ውሉ ለገዢ ምን ይላል? አይጠየቅም። ጠያቂው የሚጠይቀውን ጥያቄ የጻፈለት ተጠያቂው ነውና።

ሦስተኛው ግን የሚያንገበግበኝ ነው። አንዲት አረጋዊት እናት በደሳሳ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ወጣቱ ስልኩን ደቅኖ ይጠጋል። «እማማ፣ ዛሬ ምን በሉ?» መልሱን እያወቀ ነው የሚጠይቀው፤ ቀድሞ መጥቶ አናግሯቸዋል። እማማ ያለቅሳሉ፤ ዋሽንት ይገባል። ከዚያ ዱቄቱ፣ አምስት ሊትሩ ዘይት፣ ፓስታው ከመኪና ይወርዳል፤ ከጀርባቸው የለጋሹ ድርጅት ባነር ተወጥሯል። ማስታወቂያ ላይ የምትሠራ ተዋናይት ውል ትፈርማለች፣ ክፍያዋን ታውቃለች፣ ፊቷ ለስንት ጊዜ እንደሚታይ ትደራደራለች። እማማ ግን የማስታወቂያው ዋና ተዋናይ ሆነው በዘይት ተሸኙ። እንባቸው ለማን እንደሚታይ፣ የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ውስጥ ማን ስልኩን ከፍቶ እንደሚስቅበት የነገራቸው የለም። ያ ዘይት አያስፈልጋቸውም ነበር አልልም። ድርጅቱ ከፈለገ ዘይቱን ሰጥቶ ካሜራውን መኪና ውስጥ መተው ይችል ነበር ነው የምለው።

ሦስቱም የሚሠሩት በአንድ ቀመር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች ጣትህን ማስቆም አለባቸው፤ ስለዚህ «ይህን ሳታዩ ቤት እንዳትገዙ!» ብሎ ይጮኻል። ማስጠንቀቂያ ይመስላል፤ ሰምተህ ስትጨርስ ግን «ከእነ እከሌ ግዙ» ነው። ከታች አስተያየቶች ይደረደራሉ፦ «እኔ ገዝቻለሁ፣ ምርጥ ናቸው»፣ «እህቴም እዚያ ነው የገዛችው»። ጻፉ የተባሉትን ገጾች ብትከፍቷቸው ባለፈው ሳምንት የተከፈቱ፣ ፎቶ የሌላቸው፣ ስለ ሌላ ነገር ትንፍሽ ብለው የማያውቁ ናቸው። ዋጋ የጠየቀ ሰው ደግሞ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይባላል። ቆይ፣ ዋጋ ምን ሆኖ ነው የሚደበቀው? ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ዋጋዋን በጆሮህ አትነግርህም። ዋጋ በውስጥ መስመር የሚነገረው ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አለባበሱና እንደሚደውልበት ሀገር ቁጥር የተለያየ ሲሆን ነው።

የሀገር ቁጥር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የእነዚህ ቪዲዮዎች ዋና ተመልካች ሳሪስ ወይም መገናኛ አይደለም ያለው። ዋሽንግተን ነው፣ ሪያድ ነው፣ ቤይሩት ነው፣ ኩዌት ነው።

የሰፈራችን ልጅ ናት። ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች። በ2013 ዓ.ም.፣ አንድ ዶላር በባንክ ከ50 ብር በታች በነበረበት ጊዜ፣ የዓመታት ደመወዟን ሰብስባ ለአንድ አፓርታማ ቅድመ ክፍያ ከፈለች። ድርጅቱን አታውቀውም። የምታውቀው ቪዲዮውን የሠራውን ልጅ ነው። ሌሊት ሥራ ጨርሳ ስትተኛ የሚያስቃት እሱ ነበር። እሱ ደግሞ በቪዲዮው ሳሎን ገብቶ፣ ኩሽና ከፍቶ፣ ሶፋው ላይ ተንደላቅቆ «እኔ ወንድማችሁ ነኝ፣ አልዋሻችሁም፣ እኔም አንድ ይዣለሁ» ብሏል። የገባበት ቤት ለማሳያ የተሠራ ናሙና ነበር። የእሷ ሕንፃ የሚቆምበት ቦታ ዛሬም በቆርቆሮ የታጠረ ሣር ነው፤ ወንድሟ ሄዶ አይቶታል።

ለልጁ በውስጥ መስመር ጻፈችለት። ብዙ ቆይቶ መለሰ፦ «እህቴ፣ እኔ እኮ ማስታወቂያ ነው የሠራሁት።»

እዚህ ላይ ቆም በሉ። «ማስታወቂያ» የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የተነገራት ያን ዕለት ነው። ገንዘቧን ስትከፍል ወንድም ነበር፤ ገንዘቧን ስትጠይቅ ማስታወቂያ ሠሪ ሆነ።

ድርጅቱ ነገ ተጸጽቶ «ገንዘብሽን ውሰጂ» ቢላት እንኳ የሚመልስላት የዚያን ጊዜውን ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የእሷ ድካም በዲናር ተቆጥሮ ገብቶ በብር ተቆጥሮ ይወጣል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ደግሞ «ብር ይዛችሁ አትቀመጡ» የሚለው ፍርሃት ራሱ የቪዲዮ መክፈቻ ሆኗል። ሰዉ የተቀመጠ ገንዘቡ እየሟሟ ነው ብሎ በተጨነቀበት ሰዓት የሚያምነው ሰው ፊት ለፊቱ መጥቶ «እኔ ያደረግኩትን አድርጉ» ሲለው ምን ያህል ጉልበት እንዳለው አስቡት።

አሁን መልስ የሚሰጡኝን እሰማቸዋለሁ። «ልጆቹስ ምን ይብሉ?» የሚለው ይመጣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቲክቶክ ለአሜሪካ ወይም ለእንግሊዝ ቪዲዮ ሠሪ በእይታ ልክ የሚከፍልበት ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ክፍት አይደለም። አዲስ አበባ ያለ ልጅ ቪዲዮው ሚሊዮን ጊዜ ቢታይ ከእይታው የሚያገኘው ሳንቲም የለም፤ ያለው አማራጭ በላይቭ የሚወረወርለት ስጦታና የድርጅት ገንዘብ ነው። በድርጅት እጅ የወደቀው ወድዶ ብቻ አይደለም። ይህን አልክድም። ግን የጠየቅነው «አትሥራ» አይደለም። የጠየቅነው መጀመሪያ ላይ «ይህ ቪዲዮ የተከፈለበት ነው» ብሎ ሥራ ነው። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። መሣሪያውም እጃቸው ላይ ነው፤ ቲክቶክ ቪዲዮ ሲለጠፍ የንግድ ይዘት መሆኑን የሚገልጽ ማብሪያ አለው፣ ዩቲዩብ የተከፈለበት ፕሮሞሽን መኖሩን የሚያሳይ ምልክት ማድረጊያ አለው፣ ኢንስታግራምም እንዲሁ። አንድ ጊዜ መንካት ነው።

ለምን አይነኩትም? «እይታ ይቀንሳል» ይሉሃል። ይህ መከላከያ አይደለም ጎበዝ፣ ኑዛዜ ነው። ሰው እውነቱን ካወቀ አያይም ማለት እስካሁን ያየው እውነቱን ስላላወቀ ነው ማለት ነው።

ደግሞ ይህ «እይታ» የሚባለው ጣዖት ራሱ ምንድን ነው? ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2016 ሰዎች ቪዲዮ ላይ የሚቆዩበትን አማካይ ጊዜ ለሁለት ዓመት ያህል አጋንኖ ሲያሳይ እንደነበር አመነ። ስሌቱ ከሦስት ሰከንድ በታች አይተው ያለፉትን ሁሉ ከቁጥር ውጪ ያደርግ ነበር፤ በዚህም የተነሳ አማካዩ ከ60 እስከ 80 በመቶ አብጦ ነበር። በዚያው ሰሞን ነው የአሜሪካ የዜና ክፍሎች «ዘመኑ የቪዲዮ ነው» ብለው ጸሐፊዎቻቸውን እያሰናበቱ ካሜራ የገዙት። ማይክ የተባለው የዜና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ጸሐፊዎቹን ቀንሶ ወደ ቪዲዮ ዞረ፤ በ2018 ሠራተኞቹን በትኖ ተሸጠ። ፌስቡክ ከማስታወቂያ አስነጋሪዎች ጋር የነበረውን ክስ በ2019 በ40 ሚሊዮን ዶላር ዘጋው፤ የተባረሩት ጸሐፊዎች ግን በስምምነቱ ውስጥ የሉበትም። ዩቲዩብ ደግሞ ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ አጭር ቪዲዮ መጫወት በጀመረባት ቅጽበት እንደ አንድ እይታ ይቆጥራል። በጣትህ ስታልፈው፣ ስታልፈው እንኳ፣ ተቆጥረሃል። የእኛ ነጋዴ እንግዲህ ገንዘቡን ቆጥሮ የሚከፍለው ለዚህ ቁጥር ነው። ስንት ሰው ደወለ፣ ስንት ሰው ገዝቶ ተመልሶ መጣ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የሚታለለው ተመልካቹ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

የውጭ ሀገር ነገር ካነሳሁ አይቀር አንድ ልጨምር። ኪም ካርዳሺያን ኢንስታግራም ላይ ኢቴሪየም ማክስ ስለተባለ የክሪፕቶ ገንዘብ ለጠፈች። 250,000 ዶላር ተከፍሏታል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ 1.26 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል አደረጋት፤ እሷም ጥፋቱን ሳታምንም ሳትክድም ተስማማች። የሚገርመው ፖስቷ ላይ ማስታወቂያ መሆኑን የሚጠቁም ምልክት ነበረበት። እሱም አልበቃም። ሰዎች ገንዘባቸውን እንዲያፈስሱ ስትጠራ ስንት እንደተከፈለሽ መናገር ነበረብሽ ነው የተባለችው። እኛ ጋ አክሲዮን «የነገ ሀብታችሁ» እየተባለ በቲክቶክ ሲሸጥ ስንቱ ነው ክፍያውን ይቅርና መከፈሉን የተናገረው?

ሕግ የለንም እንዳትሉ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። አዋጁ ሲወጣ ግን ቲክቶክ የሚባል ነገር አልተፈጠረም፤ ሕግ አውጪው ዓይን ውስጥ በዋናነት የነበሩት ጋዜጣው፣ ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑና የመንገዱ ቢልቦርድ ናቸው። ዛሬ ቢልቦርድ ለመስቀል ፈቃድ ለማግኘት ቢሮ ለቢሮ የሚንከራተት ድርጅት፣ ቢልቦርዱን ከሚያየው ሰው በብዙ እጥፍ ለሚበልጥ ሕዝብ ያለ አንድ ወረቀት በአንድ ልጅ አፍ ይናገራል። የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ለኦንላይን ሚዲያ ምዝገባና ፈቃድ የሚያወራውን ያህል ስለዚህ ጉዳይ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። ባለሥልጣኑ ሐሳብን ለመቆጣጠር ሳይሆን የተደበቀ ክፍያን ለማስገለጥ አንድ አጭር መመሪያ ቢያወጣ መጀመሪያ የማጨበጭበው እኔ ነኝ። (እኔ ለመንግሥት መመሪያ ሳጨበጭብ ያየ ሰው ካለ ቀኑን ይመዝግብልኝ።)

ከቲክቶከሩ ይልቅ ግን የምቆጣው በራሴ ባልደረቦች ነው። ልጁ ጋዜጠኛ ነኝ አላለም። ማታ በቴሌቪዥን ዜና አንብቦ፣ ጠዋት በዩቲዩብ ቻናሉ በዚያው ከረባት፣ በዚያው ድምፅ፣ «ልዩ ዘገባ» ብሎ የድርጅት ቪዲዮ የሚለቅ ሰው ግን የሚሸጠው የራሱን ስም ብቻ አይደለም። ተመልካቹ ያ ድምፅ እውነት እንደሚናገር የተማረው ከሌሎች ነው፤ ደመወዛቸው ለቤት ኪራይ ሳይበቃ ፖስታ አንቀበልም ካሉ፣ ለአንድ ዜና ሦስት ቢሮ ከተመላለሱ ሰዎች። የእነሱን እምነት ሰብስቦ በካሬ ሜትር ይቸረችረዋል። እኔም እንዲህ ያለ ስክሪፕት ጻፍ ተብዬ አውቃለሁ። «የምርመራ ዘገባ ይምሰል» ነበር የተባለው፤ ድርጅቱ ራሱን እንዲመረምር። «ከላይ የተከፈለበት ብለን እንጻፍ» ስል ስልኩ ዝም አለ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቪዲዮው ሌላ ሰው አንብቦት ወጣ። ጥሩ ድምፅ ያለው ልጅ ነው።

«ታዲያ ሳይዋሹ እንዴት ይሳባል?» ለሚለኝ መልስ አለኝ፤ የማየው ነገር ነውና። የቤት ዕቃ የሚሠራ አንድ ሰው እከታተላለሁ። ካሜራው የሚንቀጠቀጥ ስልክ ነው፤ ሙዚቃ የለውም፣ የመጋዝ ድምፅ ነው ያለው። አንድ ቀን የኤምዲኤፍ ቁራጭ ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክሮ በማግስቱ አብጦ አወጣውና «ኩሽናችሁ ውኃ የሚነካው ከሆነ ይሄን አታሠሩ፤ እኔም ጋ ቢሆን አታሠሩ» አለ። ከዚያ የጣውላውን ዋጋ ተናገረ፤ በግልጽ፣ በብር። ያን ቪዲዮ ሦስት ጊዜ አየሁት። በርበሬ የምታዘጋጅ ሴትም አለች፤ ዛላው ሲቀነጠስ፣ ፀሐይ ሲሰጣ፣ ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ ሲለቀም፣ ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠበቅ ታሳያለች። «ዘንድሮ ዛላ ተወዷል፣ ለዚህ ነው የጨመርኩት» ትላለች። ስትናገር ማስነጠስ ይይዛታል፤ አትቆርጠውም። ሁለቱም ሻጮች መሆናቸውን አንድም ሰከንድ አልደበቁም። ሰው እስከ መጨረሻው የሚያያቸው ሥራ ሲሠራ ማየት በራሱ ስለሚያዝናና ነው፤ ድክመቱን የነገረህን ሰው ደግሞ ጥንካሬውን ሲነግርህ ታምነዋለህ። የማርኬቲንግ ኤጀንሲ አልቀጠሩም። እኔን የመሰለ ስክሪፕት ጸሐፊም አላስፈለጋቸውም፤ ይህ ለኪሴ ጥሩ ዜና አይደለም።

ወደ እናንተ ልምጣ። ይህ ቻናል ራሱ በረዣዥም ጽሑፎቹ መሐል ማስታወቂያ እንደሚለቅ ታያላችሁ፤ ቢያንስ ማስታወቂያ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ከእኔ ስም ስርም አይገባም። ሌላ ቦታ ግን ዛሬ ማታ አንዱ «ወንድማችሁ ነኝ» ብሎ ቤት፣ አክሲዮን ወይም የክብደት መቀነሻ ሻይ ሲያሳያችሁ አስተያየት መስጫው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉለት፦ «ይህ ቪዲዮ የተከፈለበት ነው?» ስድብ አያስፈልግም። በኩዌትና በቤይሩት ያሉ እህቶቻችንም እንዲጽፉት ላኩላቸው። አዎ ካለ አመስግኑት። ጥያቄያችሁን ከሰረዘው ወይም ካገዳችሁ ስክሪንሾት አንስታችሁ በቻናሉ ቦት ላኩልኝ፤ እየሰበሰብኩ ነው።